መስኮቱ ይዘጋ!

እኔ የደብረ ሲና ሰው ነኝ። ከብርድ ጋር አብረን ስላደግን ጠባዩን አውቀዋለሁ። በር ከከፈቱለት እንግዳ ነኝ አይልም፤ ቀጥ ብሎ ገብቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር በብዙ ነገር ተስማምቼ ኖሬአለሁ፤ በመሬት ወሰን፣ በእድር መዋጮ፣ በልጅ ጥሎሽ። በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። መኪና ሲነሣ መስኮት ይዘጋል። ንፋስ መትቶት አንገቱ ደርቆ የቀረውን፣ ምች አግኝቶት ከንፈሩ ወደ ጆሮው የሄደውን ሰው ቁጠር ብትሉኝ ከነአባቱ ስም እቆጥርላችኋለሁ። የዘንድሮ ልጅ ግን ገና ሳይቀመጥ እጁን ወደ መስኮቱ ይሰዳል። «አየር ያስፈልጋል፣ አባባ!» ይላል። እኛ ምን ስበን ኖርን?

ይህችን ጥያቄ ጮክ ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬ ሰላሜን ባላጣሁ።

ነገሩ የሆነው ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ነው። ልጄ «ቆላው ለጉልበትዎ ይሻላል» ብላ ሦስት ሳምንት አስቀመጠችኝ። እውነት ነው፣ ጉልበቴ ተሻለው፤ የቀረው አካሌ ግን ቀለጠ። ቀን ፀሐይዋ፣ ሌሊት የወባ ትንኟ፤ አጎበር ውስጥ እንደ ጫጩት ተከድኜ አደርሁ። ማንጎ ረክሷል ተብሎ ደግሞ ጠዋት ማንጎ፣ ማታ ማንጎ። «ደጋ ሲሆን ብርዱን፣ ቆላ ሲሆን ሙቀቱን ያማርራል» ይሉኛል። ታዲያ መካከሉ ላይ ቤት ሥሩልኝ!

ለዓይኔ መነጽር ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረብኝና አውቶቡስ ተሳፈርን። ከጎኔ የልጄ ልጅ አለች። ደብረ ብርሃን ነርስነት ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ስለዚህ የማታውቀው ነገር የለም። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ መስኮቱን ከፈተ። ዘጋሁት። ከፈተ። ዘጋሁት። በሦስተኛው «እኛ ምን ስበን ኖርን?» ብዬ ስጮህ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀብኝ። ልጅቷ ያኔ ነው ጣልቃ የገባችው።

«አባባ፣ ይተዉት ይክፈተው። ሴሎችዎ ኦክስጅን ይፈልጋሉ።»

«የእኔ ሴሎች አልጠየቁኝም።»

«በየሰከንዱ ነው የሚጠይቁዎት።»

«ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ? ምነው አንዳቸው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልተናገሩ!»

በቃ፣ ነካኋት። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ያለውን ዳገት ሁሉ አፏን አልገጠመችም።

እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር። ሰው እንጀራ ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አየር ይስባል፤ ሦስቱም ምግብ ናቸው፤ አየር ቀጠን ያለው ነው። የለም አለችኝ። ጉልበቱ ያለው እንጀራው ውስጥ ነው። ጤፉ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል፣ ስኳሩ ሴል ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። «እሳት ውጬ ነው የምኖረው በያ?» ብላት፣ ነበልባል የሌለው፣ ዝግ ብሎ የሚነድ ነው አለች። ይህን የደረሰበት ላቯዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ላፕላስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆኖ፣ አይጥ የምትመስል ጭራ የሌላት እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ በገላዋ ሙቀት የቀለጠውን በረዶ ለካ፤ ትንፋሿንም ከሚነድ ከሰል ጋር አስተያየ። መተንፈስ ቀስ ብሎ መንደድ ነው ብሎ ጻፈ። እኔ ያዘንሁት ለእንስሳዋ ነው። ብርድን የሚያውቅ ሰው ፍጡር በረዶ ውስጥ አይከትም። «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብዬ ብጠይቃት፣ እ.ኤ.አ. በ1794 በአብዮታቸው አንገቱን ተቆረጠ አለችኝ። ለካስ ከሳይንሱ ጎን ለጎን ግብር የሚያስከፍል ማኅበር ውስጥ ነበረበት። ይሄኛው ያለ ማብራሪያ ገባኝ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እኔ አርባ ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ቤት ነበረኝ፤ ከእኔ በፊት አባቴ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበረው። ስለ ወፍጮ ሰው ሊያስተምረኝ አይችልም። ይህች ልጅ ግን ሴሎቼ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለ አለችኝ፤ እኔ ሳልሰማ፣ ፈቃድ ሳይወጣበት! ስሙ ሚቶኮንድሪያ ነው። ልብ ውስጥማ በአንዱ ሴል በሺህ ይቆጠራል።

አሠራሩን ስሙና ፍረዱ። ስኳሩ ይሰባበርና ኤሌክትሮኖቹ ይገፈፋሉ። ኤሌክትሮኖቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ደረጃ በደረጃ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሲወርዱ በሚለቁት ጉልበት ፕሮቶን የሚባለውን ነገር ከአንድ ስስ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ይገፉታል፤ እንደ ግድብ ውሃ ይጠራቀማል። ከዚያ ፕሮቶኑ በጠባብ ቀዳዳ ተመልሶ ሲገባ መዘውር ያዞራል። መዘውሩ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ መዞር ይችላል፤ አንድ ሲዞር ሦስት ኤቲፒ ያወጣል። ኤቲፒ የሴል ሳንቲም ነው። ልብ ሲመታ፣ ጡንቻ ሲሳብ፣ እኔ መስኮት ስዘጋ፣ የሚከፈለው በዚያ ነው።

«ሽቅብ ገፍቶ መልሶ ቁልቁል መልቀቅ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» አልኋት። «አባቴ ውሃውን ከወንዝ ጠልፎ አወረደ እንጂ በእንስራ ተሸክሞ ሽቅብ አልወጣም።» ሳይንቲስቶቹም እንዲሁ ብለው ነበር አለችኝ። ፒተር ሚቸል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ሲያስታውቅ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ ሰውዬው ገጠር ወርዶ አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት አሳድሶ ላብራቶሪውን እዚያ ከፈተ፤ በ1978 ኖቤል ሸለሙት። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀበት። እኔ ስለ መስኮት መናገር ከጀመርሁ ስድሳ ዓመት አልፎኛል።

ሌላም ጉድ አለ። ወፍጮዎቹ የእኔ አይደሉም! በጥንት ዘመን ለብቻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ከቢሊዮን ዓመት በፊት ሌላ ሴል ውስጥ ገብተው በዚያው ቀሩ። ሊን ማርጉሊስ የምትባል አሜሪካዊት ይህን ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1967 እስኪታተምላት ድረስ ከአሥር የሚበልጡ መጽሔቶች መልሰውባታል። እስከ ዛሬ የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ ደባል ማለት ናቸው። የሚወረሱትም ከእናት ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ወፍጮ ከአባቴ ወረስሁ» እያልሁ ስኩራራ፣ የማይቆመውን ወፍጮ ያወረሰችኝ ለካ እናቴ ናት። ነፍሷን ይማረውና፣ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም።

«ይሁን» አልኋት፤ «ኦክስጅኑስ የታለ?» እስካሁን ስኳር ሠራ፣ ኤሌክትሮን ሠራ፣ ፕሮቶን ሠራ፤ መስኮት የሚያስከፍትብኝ ሰውዬ ግን ብቅ አላለም።

«መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ኤሌክትሮኖቹ ወርደው ወርደው ሲደክሙ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ከፕሮቶን ጋር አንድ ላይ ይዟቸው ውሃ ይሆናል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

እስቲ ፍረዱኝ! ሌት ተቀን፣ ተኝቼም ነቅቼም፣ ሳንባዬን እንደ ወናፍ ስነፋ የኖርሁት ለአንድ ጆንያ ያዥ ነው! ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ ከዱቄቱ መውጫ ሥር ጆንያ ይዞ የሚቆም፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ የሆነ ልጅ አለ። ለእሱ ሲባል ቁጭ ብዬ እንኳ በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን እጨርሳለሁ አለች። ሩብ ሊትር ዘይት ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ግን ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት የአባቴን ወፍጮ አስታውሼ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ከመዘውሩ ሥር ያለውን የውሃ መውጫ በአሸዋና በግንድ ደፈነው። ቦዩ ደህና ነው፤ ውሃው እየወረደ ነው፤ እህሉ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ መዘውሩ ግን በቆመ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቀጥ አለ። አባቴ እህሉን አልነካም፣ ድንጋዩን አልነካም። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጫውን ሲጠርግ ዋለ፤ ማታ ድንጋዩ ጮኸ። መንደርተኛው በማግሥቱ መጥቶ «እንዴት ያለ ድንጋይ ነው!» እያለ ድንጋዩን ሲያመሰግን አስታውሳለሁ።

ልጅቷ የምትለኝ ይህንኑ ነው። መጨረሻ ላይ ተቀባይ ከታጣ የመጨረሻው ኤሌክትሮን ባለበት ይቀራል፤ ከኋላው ያለው ይቆማል፣ ከእሱም ኋላ ያለው፤ መዘውሩ ይደርቃል፣ ስኳር ሞልቶ ተርፎ ሰው ይሞታል። ሳያናይድ የሚባለው መርዝ የሚገድለው እንዲህ ነው። ኦክስጅኑ ደም ውስጥ ሞልቶ እያለ መርዙ የመጨረሻዋን በር ይዘጋታል። የመጨረሻ በር ሲዘጋማ እኔም አይቻለሁ፤ በወረራው ዘመን ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ አንድ ባለተጎታች ተበላሽቶ ያደርንባትን ሌሊት አልረሳትም። ናፍጣችን ሙሉ፣ ሞተራችን ደህና፣ ሁላችንም ጤነኞች፤ አንዳችንም አልሄድንም።

ያለ ኦክስጅንስ አይኖርም ወይ? ይኖራል፤ እንዴት እንደሚኖር ደግሞ ሴቶቻችን ከፈረንሳዩ በፊት ያውቁታል። ጠላ ሲጠመቅ ጋኑ ይከደንና አፉ ይመረጋል። እርሾው ያገኛትን አየር ጨርሶ ይታፈናል፤ ታፍኖም አይሞትም፤ ስኳሩን ከመንገድ ሰብሮ ይጥለዋል። የጣለው አልኮል ነው። ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ ብቻ ያተርፋል፤ አየር ያገኘ ሴል ግን ከዚያው ከአንዱ ሠላሳ ገደማ ያወጣል። የቀረው ጉልበት የት ሄደ? አልኮሉ ውስጥ ነዋ! ጥሩ አረቄ ክብሪት ሲጫርበት ሰማያዊ ሆኖ የሚነደው እርሾው አቅቶት የተወው ጉልበት ነው። እንግዲህ ሰርግ ላይ እስክስታ የምንወርደው በታፈነ እርሾ ትራፊ ነው። ይህን ከተናገርሁ በኋላ ማን ሰርግ ይጠራኛል?

እኔም ታፍኜ አውቃለሁ። አምና አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጥሁ፤ «ሮጥሁ» ማለቴን ለክብሬ ስትሉ ተቀበሉኝ። ደሙ የሚያቀብለው ኦክስጅን ለጭኔ አልደርስ ሲለው ጡንቻዬ እንደ እርሾው በሁለት ሳንቲም መሥራት ጀመረ። አልኮል ቢያወጣ ኖሮ ደግ ነበር፤ ያወጣው ላቲክ አሲድ ነው። ያንንም ጉበቴ ለቃቅሞ መልሶ ስኳር ሲያደርግ አመሸ። አውቶቡሱ ሄደ።

አሁን ዳገቱ ጠነከረ። አውቶቡሱ ያቃስታል፤ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህን አውቀዋለሁ፤ የወፍጮዬ ሞተር አየር ማጣሪያው ሲደፈን እንዲሁ ነበር፤ ናፍጣው ገብቶ አየሩ ሲያንስ ሳይቃጠል ይጠቁራል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ሲና 2,700 ገደማ፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። «ሽቅብ ሲወጡ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ የትም ቢሆን ከመቶ 21 ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። «የሚቀንሰው አየሩ ራሱ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ የሚስቡት ከባሕር ጠረፉ ከአሥር እጅ ሰባት እጅ ብቻ ነው።» ደስታዬ ጠፋ። ዳቦ እንዲህ ነው የተሠራብን! ዋጋው ያው፣ ስሙ ያው፣ ግራሙ ግን ሲያንስ ሲያንስ በአንድ ጉርሻ አለቀ። አየሩንም እንዲሁ ሲያጎድሉብን ኖረዋል።

«ቢሆንም የእኛ ሰው ጉድ ነው» አለች ልታጽናናኝ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ሰሜን ተራራ ላይ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ከባልደረቦቿ ጋር መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አወጣች። የአንዲስ ተራራ ሰዎች አየር ሲያንሳቸው ደማቸውን ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ያወፍራሉ። የቲቤት ሰዎች ደማቸውን አያወፍሩም፤ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። የአምባራሶቹ ደም አልወፈረም፣ ኦክስጅኑም አልጎደለም፤ ከመቶ 95 ሞልቷል። ባሕር ዳርቻ ተኝቶ አሳ የሚበላ ሰው ደም ይመስላል። ሦስተኛ መንገድ ነው ተብሎ ተጻፈ።

«ደብረ ሲና ለምን አልመጡም?» አልሁ። ሰሜን ድረስ ሲወጡ መንገዳቸው ላይ አልነበርንም? እኔ ክንዴን ዘርግቼ ሰባ ስድስት ዓመት ስጠብቅ! ደግሞ ጉድነታችን ሊነገረን አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ልጅ ብሆንም ሰምቻለሁ፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረች። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ደግሞ 2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ከተማ፣ የዓለም ሯጭ ሁሉ «አየሩ ሳሳ» እያለ ሲያለቅስ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ወስዶ ተመለሰ። እሱ ነው ለቅሶ የማያውቅ ሰው።

«ታዲያ እኔ ለምንድን ነው የማለከልከው?»

«ሰባ ስድስት ዓመትዎ ነው፣ አባባ።»

«ለዚያስ ጥናት አላቸው?»

መልስ አልሰጠችኝም፤ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ስለ ከሰል ጀመረች። ክረምት ሲገባ ደብረ ሲና ከሰል አስገብተን፣ በር ዘግተን፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፈን እናድራለን። ጠዋት ራስ ምታት ይነሣል፤ እኔ ጥፋቱን በቀዳዳ ሾልኮ በገባው ንፋስ ላይ ሳላክክ ኖሬአለሁ። ለካ የጋመው ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ሄሞግሎቢን ላይ ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጅ በላይ ይበረታል። ወንበር ይዞ ፌርማታው ሲደርስ አልወርድም እንደሚል ተሳፋሪ ነው፤ ኦክስጅኑ ውጭ ቆሞ ይቀራል፣ ጆንያ ያዥ የሌለው ወፍጮም ይቆማል። በዚህ መንገድ ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች አውቃለሁ። የእነሱንም ስም ከነአባታቸው እቆጥረዋለሁ፤ ብርድ ገደላቸው ብለን ነው የቀበርናቸው። ጥቂት መንገድ ዝም ብለን ተጓዝን።

ደብረ ሲና ደረስን። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ ከበቡት። የታሰረውን ቆሎ በሁለት እጃቸው ይዘው ከመስኮት መስኮት ይሮጣሉ። እኔ በሰው መካከል እየተጋፋሁ ልውረድ? መስኮቱን ከፈትሁት። ለቆሎ ነው።

አንዱ ልጅ እያለከለከ መጣ። ዋጋውን ሲነግረኝ የመንገደኛ ዋጋ ነው! «አንተ ልጅ፣ እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ የአያትህን ገብስ የፈጨሁ ሰው ነኝ» አልሁት። «ታዲያ ምን በመስኮት ይገዛሉ?» አለኝ። የገዛ አገሬን ቆሎ እንደ ባዕድ በመስኮት ገዛሁ።

«ተመለከቱት፣ አባባ?» አለች የልጅ ልጄ። «ቀይ የደም ሴል ማለት እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ራሱ ግን ሚቶኮንድሪያ የለውም። ከሚሸከመው አንዲት ፍሬ አይቀምስም።»

ልጁን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። ከገዛሁት ላይ እፍኝ ልሰጠው እጄን አወጣሁ፤ አውቶቡሱ ተነሣ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ቀለበ። ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ንፋሱ እንደ ቢላ ሆኖ አንገቴ ላይ ገባ። መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ቆሎውን ይቆረጥማል። «ዝጋው» የሚለኝ አንድ ደህና ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ማንም አላለኝ።